የሾፌሩ ማረፊያ፦ ከሎጊያ መንገድ የተገኘ ትዝብት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ከእኔ የተጠበቀው ስለ አስፋልት፣ ስለ ጠጠርና ስለ ሬንጅ እንድናገር እንደ ነበረ አውቃለሁ። የተማርሁትም ይኸው፣ እንጀራዬም ይኸው ነው። ነገር ግን በአፋር ምድር፣ በሎጊያ አካባቢ፣ በአንድ የመንገድ እድሳት ሥራ ላይ ባሳለፍሁት ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከመንገዱ ይልቅ በመንገዱ ላይ የሚውለውና የሚያድረው ሰው እያሳሰበኝ ስለ መጣ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ከባድ መኪና ሾፌር ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህ የትራንስፖርት ሰዎች ጉዳይ ነው እንጂ የእኛ የመሐንዲሶች አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም እንደዚሁ እል ነበር። አስተያየቴን ወዳስለወጠኝ ነገር በኋላ እመጣለሁ።

ሎጊያን በቀን በትንሽ መኪና ያለፈ ሰው አይቷታል ለማለት አይቻልም። ከአዲስ አበባ ወደ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከክልሉ ርእሰ ከተማ ከሰመራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቀደም ብላ፣ ዝቅ ባለው በረሓማ ሜዳ ላይ መንገዱን ተከትላ የተዘረጋች፣ ርዝመት እንጂ ስፋት የሌላት የምትመስል ከተማ ናት። በቀትር ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣባትም። የምትነቃው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣውና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መኪና፣ ቦቴው፣ ተሳቢው፣ ኮንቴይነር የተሸከመው ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይደረደራል። ከየጋቢናው ሾፌርና ረዳት ይወርዳሉ። አንዱ ጎማውን በብረት እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ አንዱ ጎሚስታውን ይጠራል፤ ሌላው ከተሳቢው ሥር ፍራሹን ዘርግቶ ገና ምግብ ሳይቀምስ ይጋደማል። ገንዘብ ያለው ሆቴል ይገባል፤ በሆቴሉም አልጋ ማለት በግቢው ውስጥ ከሰማይ በታች የተደረደረ አልጋ ነው። የክፍሉ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ስለሚመልሰው በክፍል ውስጥ መተኛት ለእንግዳ ሰው የማይሞከር ነገር ነው። እኔ ሞክሬው በሦስተኛው ሌሊት አልጋዬን ይዤ ወጥቻለሁ።

ለዚህ ሁሉ ተሽከርካሪ ማደሪያ እንድትሆን ሎጊያን የነደፋት መሐንዲስ የለም። እንዲህ ያሰፋት በአብዛኛው የሾፌር ድካም ነው።

መንገዱ ረጅም ታሪክ አለው። ጣልያን በወረራው ዘመን አሰብን ከደሴ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ሠራ። ከዚያ በኋላ አሰብ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገራችን ዋና የባሕር በር ሆኖ ሲኖር፣ ሸቀጡም፣ ከአሰብ ማጣሪያ የሚወጣው ነዳጅም፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የመጣው የእርዳታ እህልም በዚህ በረሓ በኩል በከባድ መኪና ተጓዘ። በዕድሜ የገፉት ሾፌሮች ዛሬም «ኤንትሬ» ሲሉ የሚያነሡት የፊያት 682 ኤን 3 መኪና ስሙን ያተረፈው በዚሁ መሥመር ነው። በኋላም የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ በገዋኔ የሚያልፈው መንገድ ሲከፈት፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው ጭነት የባቲንና የጣርማ በርን ዳገት መውጣት ግዴታ መሆኑ ቀረ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋና፣ ከሎጊያ አልፎ ወደ አሰብ ይሄድ የነበረው ጎማ ሁሉ ወደ ጋላፊና ወደ ጅቡቲ ዞረ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚያልፈው በድሬዳዋ በኩል ነው፤ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላም ቢሆን አብዛኛው ጭነት፣ በተለይም ነዳጁ፣ በጎማ መጓዙን አልተወም።

ስለ ሾፌሩ ሥራ ብዙ ያስተማሩኝ አንድ አረጋዊ የቦቴ ሾፌር ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈቀዱ «ጋሼ» ብዬ እቀጥላለሁ። በአሰብ ዘመን ረዳት ሆነው ጀምረው፣ የመንጃ ፈቃድ አውጥተው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ከመሪ አልተለዩም። በመጀመሪያው ምሽት፣ እንደ ተማረ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዤ፣ «ጋሼ፣ በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኢንጂነር፣ እኔ የምተኛው መኪናው ሲተኛ ነው፤ የእሱን ጠይቀው» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የሾፌር ሥራ ዘወትር መሮጥ ይመስለናል፤ እርሳቸው እንዳስረዱኝ ግን ከሩጫው መጠበቁ ይበዛል። በወደቡ ላይ ተራ ይጠበቃል፤ ሰነድ ይጠበቃል፤ በጋላፊ ይጠበቃል፤ በሚሌ የጉምሩክ ኬላ ይጠበቃል። በወረቀት ላይ ይህ ጊዜ ዕረፍት ይመስላል። ነገር ግን ሰልፉ በየጊዜው አምስት አምስት ሜትር ፈቀቅ ስለሚል፣ ሾፌሩ ዓይኑን ቢከድን ከኋላው ያለው ጡሩምባ ይቀሰቅሰዋል። በዚያ ላይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ በቆመ መኪና ጋቢና ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እንግዲህ ሰውየው ሳይነዳ ውሎ፣ ሳይተኛ አድሮ፣ ወረቀቱ ሲያልቅለት «በል እንግዲህ ሂድ» ይባላል። መሮጥ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ካነጋገርኋቸው ሾፌሮች አብዛኞቹ ደመወዛቸው ትንሽ ሆኖ ኑሯቸውን የሚደጉሙት በየምልልሱ በሚከፈላቸው አበል ስለ ሆነ፣ በወደቡ የባከነውን ቀን ከእንቅልፋቸው ቆርጠው ይከፍላሉ። ጫቱም፣ ደጋግሞ የሚጠጣው ቡናም፣ ፈቃድ ለሌለው ረዳት ሌሊት መሪ መልቀቁም ከዚህ የሚመጣ ነው። ይህን የምናገረው ድርጊቱን ለመደገፍ አይደለም፤ ከየት እንደሚመነጭ እንዲታወቅ ነው።

ስለ ጎማም አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ በትምህርት ቤት የተማርነውን እነርሱ በእጃቸው ያውቁታል። በደጋው በ20 ዲግሪ የተነፋ ጎማ በበረሓው እየተሽከረከረ 70 ዲግሪ ቢደርስ፣ በውስጡ ያለው ግፊት ወደ አንድ ስድስተኛ ያህል ይጨምራል። ጀማሪው ሾፌር ይህን አይቶ ይደነግጥና ነፋስ ያስተነፍሳል። የተነፈሰው ጎማ ደግሞ ይበልጥ እየተጣጠፈ፣ ይበልጥ እየጋለ ይሄድና ይፈነዳል። ጋሼ ይህን በሁለት ቃል ጨረሱት፤ «ትኩስ ጎማ አይነካም» አሉ። ከእኔ ግማሽ ገጽ ስሌት ይልቅ ረዳታቸው የሚያስታውሰው ይህን ነው።

አሁን ወደ እኛ ሥራ ልመለስ። እኛ መንገድ ስንነድፍ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ስለ አክስል ክብደት ነው። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ከተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ ወዲህ፣ ጉዳቱ በክብደቱ አራተኛ ኃይል መጠን እንደሚያድግ እናውቃለን። ከተፈቀደው በ20 በመቶ የበለጠ የጫነ አክስል በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ ነው። ለዚህም ሚዛን አቁመናል፤ ደንብ አውጥተናል። መልካም ነው። ስለ ሰውየውስ ምን እንጠይቃለን? የንድፍ መመሪያዎቻችንን ገልጣችሁ ብትፈልጉ፣ ሾፌሩን የምታገኙት በዋናነት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የዓይኑ ከፍታ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚፈጅበት ጊዜ ሲሆን፣ ይኸውም 2.5 ሴኮንድ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በዚህ ጊዜ ውስጥ 55 ሜትር ከግማሽ ያህል ይጓዛል፤ የእይታ ርቀታችን የሚሰላው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ይህ 2.5 ሴኮንድ የነቃ ሰው ነው። ከ17 ሰዓት በላይ ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮና እጅ፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚዘገይ ከ1990 ወዲህ በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ለሦስት ሴኮንድ ብቻ ያንቀላፋ ሾፌር በዚያው ፍጥነት 67 ሜትር በጭፍን ይሄዳል። ለዚህ የሚሆን የእይታ ርቀት በየትኛውም ሠንጠረዥ የለም። መንገዱን ቀጥ ባደረግነው መጠን፣ ከሚሌ ወዲህ እንዳለው ሜዳ፣ እንቅልፉ ይበረታል እንጂ አይቀንስም። ሌላው ዓለም ይህን ቀደም ብሎ ተረድቶታል። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 153ኛው ስምምነት ሾፌር ያለ ዕረፍት ከአራት ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ በቀን ከዘጠኝ ሰዓት እንዳያልፍ፣ በየ24 ሰዓቱም አሥር ተከታታይ ሰዓት እንዲያርፍ ይደነግጋል። በአውሮፓም ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ 45 ደቂቃ መቆም ግዴታ ነው። ነገር ግን «ቁም» የሚል ሕግ የሚቆምበትን ቦታ ይፈልጋል። ቦታውን የሚሠራው ደግሞ እኛ ነን።

ከላይ በኋላ እመጣበታለሁ ያልሁት ነገር ይህ ነው። ስሠራበት በነበረው ፕሮጀክት የመጀመሪያ ንድፍ ውስጥ ስድስት የከባድ መኪና መቆሚያዎች ነበሩ። የዕቃ ዋጋ ንሮ የተመደበው ገንዘብ አልበቃ ሲል፣ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩን እንድቀንስ ታዘዝሁ። ከድልድይ ብረት መቀነስ አይቻልም፤ ከአስፋልቱ ውፍረት መቀነስ አይቻልም፤ የውኃ መውረጃ ቱቦ ቢቀነስ በመጀመሪያው ጎርፍ እንጋለጣለን። ስለዚህ በቀይ እስክሪብቶ ስድስቱን መቆሚያዎች ሰረዝኋቸው። ጊዜ የወሰደብኝ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ማንም አልተቃወመም፤ እንዲያውም ብልኅ ቅነሳ ነው ተብሎ ተመሰገንሁ። የስድስቱ ዋጋ ተደምሮ የአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ዋጋ አይሞላም ነበር።

ከአሥራ አንድ ወር በኋላ በአንድ ሌሊት፣ በሚሌና በሎጊያ መካከል፣ ጎማው የፈነዳ ተሳቢ ዳር ይዞ ቆመ። የመንገዱ ትከሻ ስፋት አንድ ሜትር ተኩል፣ የመኪናው ወርድ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። አንድ ሜትሩ በመንገዱ ላይ ቀረ ማለት ነው። ረዳቱ እንደ ልማዱ ከኋላ ቅጠልና ድንጋይ ደርድሮ፣ ክሪኩን ይዞ ከሥር ገባ። ከጅቡቲ አቅጣጫ የመጣው ሌላ ከባድ መኪና ሾፌር ቅጠሉንም፣ ድንጋዩንም፣ መኪናውንም አላየም፤ ተኝቶ ነበር። ረዳቱ እዚያው ሞተ። ዕድሜው ሃያ ዓመት አይሞላም። ጠዋት የተሰነጠቀውን አስፋልት ለማየት ተጠርቼ ስደርስ፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ሳነብ አወቅሁት። ከሰረዝኋቸው መቆሚያዎች አራተኛው ከዚያ ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር አይርቅም ነበር።

የአደጋው መዝገብ «የአሽከርካሪ ጥፋት» ይላል። ስሕተት አይደለም። መቆሚያው ቢሠራ ኖሮ ያ ልጅ ይተርፍ ነበር ብዬም ልምል አልችልም፤ ጎማ መቆሚያ መርጦ አይፈነዳም። የተኛው ሾፌር ግን ከጋላፊ ጀምሮ ዓይኑ ሲከደንበት፣ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ሊጋደምበት የሚችል አንድም ሕጋዊ ቦታ አላገኘም። ለዚህ ጥፋት በመዝገቡ ላይ ዓምድ የለውም። ለእኔ ቀይ መሥመርም እንዲሁ።

ይህ ከሆነ በኋላ ለብዙ ቀን ጋሼን ሸሸኋቸው። በመጨረሻ ራሳቸው ካለሁበት መጥተው ሻይ ጋበዙኝና ነገሩን አወጣሁት። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ንድፉን አሳየኝ አሉ። የተሰረዙትን ስድስት መቆሚያዎች አንድ በአንድ በጣታቸው ከተከተሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ እነዚህን ብትሠራቸውም አልቆምባቸውም ነበር» አሉኝ። ለምን አልኋቸው። «ሰው የለባቸውማ። ሰው በሌለበት ቦታ ነዳጅ የጫነ መኪና አቁሜ እተኛለሁ? ጠዋት ስነሣ ጎማም ባትሪም አላገኝ።»

ይህን መልስ አልጠበቅሁትም። መቆሚያዎቹን በንድፉ ላይ ያስቀመጥናቸው መሬቱ ሜዳ የሆነበትን፣ ቁፋሮ የማይበዛበትን ቦታ መርጠን ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ መኪና ይዤ እየወጣሁ መኪኖቹ በእርግጥ የት እንደሚቆሙ መመዝገብ ጀመርሁ። የሚቆሙት የአፋር ሴቶች በዳስ ሥር ሻይ በሚያፈሉበት፣ አንድ የኒም ዛፍ ባለበት፣ የውኃ በርሜል ባለበት ነው። ስድስቱ የእኛ ነጥቦች ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይገጥሙም። በአንዳንዱ ቦታ ላይ ደግሞ አፋሮች «ደርጊ ሃራ» የሚሉት የፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ወርሶት፣ እንኳን መኪና ሰው የሚቆምበት አልነበረም፤ እሾሁም ለጎማ ጠላት ነው።

በእነዚህ ዳሶች ሥር የሚደረገው ነገር ሻይ መጠጣት ብቻ አይደለም። አፋሮች «ዳጉ» የሚባል የቆየ የወሬ ሥርዓት አላቸው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ። ሾፌሮችም ከእነርሱ ጋር ኖረው ይህን ልማድ የወረሱ ይመስላሉ። የት ጎርፍ እንደ ወረደ፣ የት ኬላ እንደ ተዘጋ፣ የት ተኩስ እንደ ተሰማ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ቀድሞ የሚታወቀው በዳሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ በየከተማው ሰው በሽታውን ያመጡት የጅቡቲ ሾፌሮች ናቸው ብሎ ምግብ ቤት በዘጋባቸው ወራት፣ የት ውኃና ምግብ እንደሚገኝ የሚያውቁት በዚሁ መንገድ እንደ ነበረ ነግረውኛል። ነዳጁን፣ መድኃኒቱንና ማዳበሪያውን ግን ሁላችንም ተቀብለናቸዋል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥና ሲሰነጠቅ፣ ነዋሪው ከቀዬው ሲነሣ፣ የእነርሱ ጥያቄ አንድ ነበር፤ መንገዱ ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም? በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሠርዶን ያፈረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ጋሼ ከቀደሙት ሾፌሮች ሰምተው የሚተርኩትም ትናንት እንደ ሆነ አድርገው ነው።

ስለዚህ ማኅበራችንን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በዚህ መሥመር ላይ ወደ ፊት በሚታደስ ማንኛውም ክፍል፣ ንድፉ ከመሰጠቱ በፊት የሌሊት ቆጠራ ይደረግ፤ መሐንዲሱ መኪኖቹ የት እንደሚቆሙ በዓይኑ ይይ። መቆሚያው ሰው ባለበት ይሠራ፤ ጥላ፣ የውኃ ታንከርና መጸዳጃ ይኑረው፤ ሻይ የምታፈላው ሴት በሥራው ምክንያት እንዳትነሣ፣ ይልቁንም ቦታ እንዲሰጣት። በሎጊያ ደግሞ መኪናው በከተማዪቱ ዋና ጎዳና ላይ እንዳያድር ከጎዳናው ወጣ ያለ፣ መብራትና ዘበኛ ያለው ሰፊ ግቢ ያስፈልጋል። የቆመ ከባድ መኪና በጋለ አስፋልት ላይ የሚያደርሰውን ታውቃላችሁ፤ የሎጊያ ጎዳና በጎማ ልክ ቦይ የሆነው በዚሁ ነው፤ ስለዚህ ለሾፌሩ ባናዝን እንኳ ለአስፋልታችን ልናዝን ይገባል። አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ይህን አሳቤን ሰምተው «ሾፌር መቆሚያ ብትሠራለትም ለአበሉ ሲል አይቆምም» ብለውኛል። ከፊሉ እውነት ነው፤ የአከፋፈሉ ሥርዓት ሳይለወጥ መቆሚያ ብቻውን አይበቃም። ያንን ግን የመኪና ባለንብረቶችና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይጠየቁበት። የእኛ ድርሻ የትኛው እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ከሎጊያ ከመነሣቴ በፊት ጋሼን አዲስ ንድፍ አስይዤ ከጋላፊ እስከ ሚሌ ያለውን እንዲያዩልኝ ለመንኋቸው። መነጽራቸውን ከጋቢናው አስመጥተው፣ ወረቀቱን በመኪናው ጎማ ላይ ዘርግተው፣ አምስት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ክብ አደረጉ። በአራቱ እስማማለሁ። በአምስተኛው ቦታ መሬቱ ጥቁር አፈር ስለ ሆነ ወጪው ይበዛል ብላቸው፣ «እዚያ ዛፉ ትልቅ ነው» ብለው እስክሪብቶውን መለሱልኝ። አምስቱንም በአዲሱ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። እንደ በፊቱ ከልዩ ልዩ ሥራዎች ጋር ሳይሆን ከድልድዮቹ ቀጥሎ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ዝርዝሩም በሚቀጥለው ወር ለውሳኔ ይቀርባል።